የተከፈተ መዝገብ

ሰው በታይፎይድ ወይም በሳንባ ምች ሲታመም ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ አጥሚት ተሠርቶ ይመጣለታል፥ የዕድሩም ሰው በየተራው ይጠይቀዋል። እግሩን የተሰበረ እንደ ሆነም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ብርቱካንና ሙዝ ገዝተው በአንድነት ይጎበኙታል። በአእምሮው የታመመ ሰው ግን በር ይዘጋበታል። በሩን የሚዘጋበትም ጠላቱ አይደለም፤ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው እናቱ ናት። የምትዘጋውም የሰው አፍ እንዳያነሣው፥ ነገ ሚስት እንዳያጣ፥ ከእንጀራውም እንዳይነቀል ብላ ነው።

እኔ ከዚህ ሕመም ጋር መኖር ከጀመርሁ እነሆ 9 ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ ስለ ሕመሙ፥ በዚያም ዘመን በአንድ ክፍል አብረውኝ ስለ ኖሩት ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፥ ስለ ጥቂት የቆዩ ጨዋታዎችና አሠራሩ ለሁሉ ስለ ተገለጠው ነጻ ሶፍትዌር ለአንባብያን ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። ነገሮቹ እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ ይመስላሉ፤ በኔ ቤት ግን ሳይወዱ በግድ ተዛምደዋል።

መኖሪያዬ ኮልፌ ነው። ከአጠና ተራ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ከእናቴ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የተቀጠርሁት በ2000 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሥራዬም ለገባው ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቶ ወደሚመለከተው ክፍል መምራት፥ የወጣውንም ቅጂ በፋይሉ ማስቀመጥ ነው። ሕመሙ የመጣብኝ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነበር።

ሐኪሞች ዛሬ ድባቴ የሚሉትን ይህን ሕመም ከኀዘን ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው። ኀዘን ምክንያት አለው፤ ያለቀሰም ሰው ሲያለቅስ ይወጣለታል፥ ውሎ አድሮም እንጀራ ይጥመዋል። ድባቴ ግን እንባ እንኳ የለውም። ከኛ ሰፈር ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የወጨጫ ተራራ በበጋ ወለል ብሎ ይታያል፤ በሐምሌ ጉሙ ሲወርድበት ግን ተራራው መኖሩ ራሱ ይረሳል። ልክ እንዲሁ ትናንት ደስ ያሰኘኝ የነበረው ሁሉ፥ ቡናው፥ የእሑዱ ኳስ፥ የወዳጅ ወግ፥ በቦታው ሳለ ከዐይኔ ተሰወረብኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ያለ ቀስቃሽ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። በመሥሪያ ቤትም አንዱን ደብዳቤ አራት ጊዜ አንብቤ ለየትኛው ክፍል እንደምመራው ይጠፋኛል። ከሁሉ የከፋው ግን ሕመሙ በገዛ ራስ ድምፅ መናገሩ ነው። ራስ ምታት «አንተ የማትረባ ሰው ነህ» ብሎ አያውቅም፤ ድባቴ ግን ይላል፥ ያውም ቀንና ሌሊት።

እናቴ «ልጄ፥ ዐይን ነው፤ ሰው አይቶህ ነው» ብላ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ወሰደችኝ። ሄድሁ፤ ዛሬም ብትጠራኝ እሄዳለሁ። ከዚያ በተመለስን ቁጥር የእናቴ ልብ ያርፍ ነበርና በጸበሉ ላይ የምናገረው ክፉ ቃል የለኝም። የሐኪም ነገር ሲነሣ ግን ቤታችን ጸጥ ይል ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከተቋቋመ ጀምሮ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። አንድ ቤት ብቻውን የአገርን መከራ ሲሸከም ስሙ ራሱ የመከራው ስም ሆነና፥ በአዲስ አበባ ልጆች ሲጣሉ «አማኑኤል ግባ» መባባል የተለመደ ስድብ ሆነ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ይህን ሙያ ለመማር ባሕር መሻገር ነበረባቸው። እንግዲህ አንዲት እናት ይህን ቃል ብትፈራ ማን ይፈርድባታል?

ኮምፒዩተሩ ከሕመሙ ቀድሞ ወደ ቤታችን የገባ ነው። በ2001 ዓ.ም. ያገለገለ ኮምፒዩተር ከመርካቶ ገዛሁ፤ ነገር ግን በላዩ የነበረው ፕሮግራም በቫይረስ የተበላ ስለ ነበረ ከመብራቱ በቀር የሚሠራ ነገር አልነበረውም። በዚያን ጊዜ ኡቡንቱ የተባለውን ፕሮግራም የሚያዘጋጁት ሰዎች ሲዲውን ለጠየቃቸው ሁሉ፥ የፖስታውን ዋጋ ራሳቸው ችለው በነጻ ይልኩ ነበር፤ ይህም ልማድ እስከ 2003 ዓ.ም. ቆይቷል። እኔም ጠየቅሁ፤ ከሳምንታት በኋላም በወዳጄ የፖስታ ሣጥን በኩል ደረሰኝ። በማኅተሙ ላይ ክብ ሠርተው የተያያዙ ሦስት ሰዎች ተሥለውበታል። ስንት ትከፍላለህ የሚል ወረቀት አብሮት ይኖር እንደ ሆነ ብዬ ፖስታውን ገልብጬ አራገፍሁት፤ ምንም አልወደቀም። መቼም የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ደረሰኝ የመጣ ዕቃ ያስፈራዋል።

ፕሮግራሙን ጭኜ ለናሙና ከተቀመጡት ፋይሎች አንዱን ብከፍት ኔልሰን ማንዴላ ብቅ አሉ። ኡቡንቱ ማለት ምን እንደ ሆነ ተጠይቀው፥ መንገደኛ ወደ መንደር ሲገባ ምግብና ውሃ ሳይለምን እንደሚቀርብለት ይናገራሉ። እኛ የእግዜር እንግዳ የምንለው መሆኑ ነው። የደነቀኝ ግን ቃሉ ብቻ አልነበረም። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ትምህርት ለመማር ወደ አገራችን መጥተው የሠለጠኑት በዚሁ በኮልፌ፥ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነበር። ስድስት ወር ይቆያሉ ተብሎ ሳለ ከ8 ሳምንት በኋላ ድርጅታቸው ጠራቸው፤ ሲሰናበቱም ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር እንደ ሰጧቸው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ተርከዋል። እንደ ተመለሱም ብዙ ሳይቆዩ ተያዙና 27 ዓመት ታሰሩ። ሽጉጥ ይዘው ከሰፈሬ የወጡት ሰው ከ47 ዓመት በኋላ በሲዲ ተመልሰው ከኔ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸውን አይቼ ለብቻዬ ሳቅሁ።

በዚያው ሲዲ ውስጥ ጨዋታዎች ነበሩ፤ ካርታ፥ ቼዝ፥ ፈንጂ ፍለጋ (ይህ ሦስተኛው እንኳ የእውነተኛውን ፈንጂ ነገር ለሚያውቅ አገር ሰው ስሙ አይጥምም)፥ ከላይ የሚወርዱትን ጡቦች እያዟዟሩ መደርደርም አለበት። ይህ የጡብ ጨዋታ የቴትሪስ አምሳያ ነው። ቴትሪስን አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የተባለ ሰው በሞስኮ የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ውስጥ ሲሠራ በ1976 ዓ.ም. ፈጠረው። በጤናዬ ጊዜ ለሕፃናት የተሠራ መስሎኝ አልፌው ነበር። ሕመሙ ከመጣ በኋላ ግን በ9 ሰዓት ስነቃ፥ እናቴ በሚቀጥለው ክፍል ተኝታ ሳለ፥ የኮምፒዩተሩን ድምፅ ዘግቼ ጡብ እደረድር ጀመር።

ለምን እንደሚያሳርፈኝ ብዙ ጊዜ አሰብሁበት። ድባቴ ያለበት ሰው ነገን ማሰብ አይችልም፤ ትናንትን ደግሞ ማሰቡን መተው አይችልም። ጡቡ የሚጠይቀኝ ግን የሚቀጥለውን ጡብ የት እንደማኖር ብቻ ነው። ሲሞላም ረድፉ ይጠፋል፤ የተሠራውም የተበላሸውም አብሮ ይጠፋል፥ ማንም አይነቅፍም። ኋላ ሳነብብ እንዳገኘሁት፥ በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2001 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ የሚያስደነግጥ ፊልም ካሳዩአቸው ሰዎች ለአንዳንዶቹ ከ30 ደቂቃ በኋላ 10 ደቂቃ ቴትሪስ አጫወቷቸው፤ እነዚህም ካልተጫወቱት ይልቅ በሳምንቱ ውስጥ ክፉው ሥዕል በሐሳባቸው የተመላለሰባቸው ጥቂት ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ዐይነ ልቡና ቅርጽ በማዟዟር ሲያዝ ለክፉው ሥዕል የሚተርፈው ቦታ ያንሳል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስለ ድንጋጤ የተደረገ ጥናት እንጂ ስለ ድባቴ አይደለም፤ ጡብ በመደርደር ድባቴ ይድናል የሚል ሰው ቢመጣ እኔ ራሴ እቃወመዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ላይ፥ ከልክ ያለፈና ኑሮን የሚያፈርስ የኮምፒዩተር ጨዋታ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተጽፏል። ስለዚህ እኔ ከ20 ደቂቃ እንዳያልፍ ሰዓት እሞላ ነበር፤ ሰዓቱ ሲጮህ እናቴ ትነቃለችና ማታለል አይቻልም።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። እናቴ ሻማ ለኩሳ መጥታ በጨለማ ተቀምጬ አገኘችኝ። ምንም ሳትጠይቀኝ የእንቁላል መያዣ ካርቶኑንና አንድ ጭብጥ ሽምብራ ይዛ ተመለሰችና «ና፥ ገበጣ እንጫወት» አለችኝ። ከልጅነቴ ወዲህ አልተጫወትነውም ነበር። ጥቂት እንደ ሄድን ተጣላን፤ እኔ በኮልፌ መንገድ ዳር ከልጆች ጋር የተማርሁትና እሷ በጎጃም ከአያቷ የተማረችው ሕግ አልተስማማምና። እሷ «እንዲህ አይበላም» ትላለች፥ እኔም «ይበላል» እላለሁ። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙትን የገበጣ ዐይነቶች ዘርዝረው ከመቶ በላይ አድርሰዋቸዋል። አንዱ አገር በሁለት ረድፍ፥ ሌላው በሦስት ረድፍ ይጫወታል፤ አንዱ ከእንጨት ይጠርባል፥ ሌላው መሬት ይቆፍራል። ፈቃድ የጠየቀ የለም፥ ፈቃድ የሚሰጥም የለም። በዚያ ሌሊት እስኪነጋ ሦስት ጊዜ አሸነፈችኝ፤ በሷ ሕግ ነው እንጂ በኔስ ሁለቱ የኔ ነበሩ።

ስለ አገራችን ጨዋታ ካነሣሁ ሰንጠረዥንም ሳላነሣ አላልፍም። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። የእኛ ሰንጠረዥ ከአውሮፓው ቼዝ የሚለይበት አንድ ግሩም ነገር አለው፤ እሱም ወረራ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ ሠራዊታቸውን እንደ ወደዱ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ በተራ መሄድ የሚጀመረው ከሁለቱ የአንዱ ሰው ሲገደል ብቻ ነው። በኮምፒዩተሬ ውስጥ ያለው ቼዝ ወረራን አያውቅም። ሆኖም ይህ ፕሮግራም አሠራሩ የተሰወረ ስላልሆነ የሚችል ሰው ቢገኝ ወረራን ሊያስተምረው ሙሉ መብት አለው።

ይህ መብት ከየት እንደ መጣ በአጭሩ ልናገር። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ የፕሮግራም ባለሙያ፥ የመሥሪያ ቤቱ አዲስ የማተሚያ መኪና ወረቀት እየነከሰ ቢያስቸግረው የመኪናውን ፕሮግራም ሊያርም ፈለገ፤ የሚያውቀውም ሰው ምሥጢር ነው ብሎ ከለከለው። ስቶልማን ይህን ሳይረሳ ማንም ሰው ሊሠራበት፥ ሊመረምረው፥ ሊያርመውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር እንደሚጽፍ በይፋ አስታወቀ። ያስታወቀበትም ቀን እንደኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም.፥ የደመራ ዕለት ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ተማሪ ደግሞ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር፥ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም.፥ ለጊዜ ማሳለፊያ የጀመረውን ሊኑክስን ለዓለም አስታወቀ። የእኛም ሰዎች ከዚህ አልቀሩም፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1980ዎቹ ዓመታት የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል ቁልፎች የሚጽፉበትን «ሰራ» የተባለ ሥርዐት አዘጋጁ። እኔም ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት በዚሁ ሥርዐት ነው።

እኔን እጅግ የነካኝ ግን የስሕተት መዝገባቸው ነው። በነጻ ሶፍትዌር ዘንድ እያንዳንዱ ጉድለት ቁጥር ይሰጠዋል፥ ቀኑ ይጻፋል፥ ወደሚመለከተው ሰው ይመራል፥ ሲታረምም ይዘጋል። እኔ የመዝገብ ሰው ነኝና ይህ ሥራ አዲስ አልሆነብኝም፤ አዲስ የሆነብኝ መዝገቡ ለማንም የተከፈተ መሆኑ ነው። «ይህ ፕሮግራም እዚህ ላይ ይሰበራል» የሚል ጽሑፍ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ሊያነብበው ተሰቅሎ ይኖራል፤ ያፈረ የለም፥ የሸሸገም የለም። በ2010 ዓ.ም. አንድ ጨዋታ በአማርኛ ሲከፈት የፊደሎቹ ራስ ተቆርጦ ቢታየኝ በደካማ እንግሊዝኛዬ ጻፍሁላቸው። አገሩን የማላውቀው ሰው መልሶ ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ምን አደረግህ? ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ? የሆነውስ ምንድር ነው? መለስሁለት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ፊደሎቹ ራሳቸው ተመልሶላቸው አየሁ።

በዚያው ሰሞን በሰፈራችን ካለው ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ከመሄዴ በፊት በነዚያ ሦስት ጥያቄዎች አምሳያ ጻፍሁ። በስንት ሰዓት እንደምነቃ፥ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፥ ቀድሞ እሠራው የነበረውና አሁን የማልችለው ሥራ የትኛው እንደ ሆነ በግማሽ ገጽ አሰፈርሁት። መረመረኝ የተባለው የአእምሮ ሕክምና ነርስ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «እንዲህ አድርጎ የሚነግረኝ ሰው ቢበዛ ሥራዬ በቀለለ» አለኝ። ራሴን ስለ ማጥፋት አስቤ እንደ ሆነም ፊት ለፊት ጠየቀኝ። በወረቀቱ ላይ ያልጻፍሁት ይህን ብቻ ነበር። «አዎን» አልሁት። እሱም አልደነገጠም፤ መቼና እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀኝ፥ ጻፈ፥ ወደ ሐኪሙም መራኝ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ጣሪያው በላዬ አልወደቀም። መድኀኒቱ ታዘዘልኝ፤ በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ከአፍ መድረቅ በቀር ምንም አልተሰማኝም፥ በአምስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት እስከ 11 ሰዓት ተኛሁ። ሕመሙ በ2013 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቷል፤ አሁንም መድኀኒቱን እወስዳለሁ፥ በየወሩም እታያለሁ።

ሰው ግን ፕሮግራም አይደለም፤ የሰው መዝገብ ለማንም እንዲሁ አይከፈትም። እናቴ ይህን ከኔ ይልቅ ታውቃለች። ለመሥሪያ ቤቱ አለቃዬ ልንገር ባልሁ ጊዜ «ልጄ፥ ራስህን ለሰው አፍ አትስጥ» ብላ ለመነችኝ። እኔ ግን በየወሩ ለሚሰጠኝ ፈቃድ ሌላ ምክንያት መፈልሰፍ ሰለቸኝና ነገርሁት። እናቴ የፈራችው ከፊሉ ደረሰ፤ ሽማግሌ ልከንባት የነበረችው ልጅ ቤተ ሰዎች ወሬው ደረሳቸውና ነገሩን በጨዋነት አቀዘቀዙት። ለዕድገት በተወዳደርሁበትም ቦታ ከኔ በኋላ የገባ ሰው ተመደበበት፤ ለምን እንደ ሆነ የነገረኝ የለም። ይህን ለማማረር አይደለም የጻፍሁት፤ መናገር ዋጋ የለውም ብዬ አንባቢን ማታለል ስለማልሻ ነው። ዋጋ አለው፥ እኔም ከፍያለሁ።

ባለፈው ጥቅምት፥ ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ ሳለ፥ ጡረታቸው የቀረበ አንድ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት መጡ። በእጃቸው ደብዳቤ አልያዙም። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፥ ያ ጤና ጣቢያ በስንተኛው ቀን ነው የሚያዩት?» አሉኝ። ከዚያም ወዲያው «ለኔ አይደለም፤ የልጄ ነገር ነው» አሉ። «ማክሰኞና ዐርብ ነው ጋሼ፤ ጧት በ2 ሰዓት ቢደርሱ ወረፋው አይበዛም» አልኋቸው። ስሟን አልጠየቅሁም። ከጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀት አንሥቼ ሦስቱን ጥያቄዎች በአማርኛ ጻፍሁና፥ ልጃቸው ከመሄዷ በፊት ራሷ እንድትሞላው ብዬ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው በደረት ኪሳቸው አኖሩት።